ውሃው ጠሃራ ነው፤ ቢልሃርዝያስ?



ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጥቂት ሆነን ላንቴ ሄደን ነበር። የጋበዘን የዶርም ጓደኛችን ነው። ክርስቲያን ቢሆንም በረመዳን ለሱሑር የሚቀሰቅሰን እሱ ነው። ላንቴን ላላያችሁ፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ በአባያ ሐይቅ በኩል የምትገኝ የሙዝ አገር ናት። ሙዝ ውሃ ይወዳልና በየማሳው ቦይ ያልፋል። ቆላው ደግሞ ይሞቃል፤ ውሃ ያየ ሰው እግሩን ሳይነክር አያልፍም።

ዙህር ሲደርስ እጅጌያችንን ሰብስበን ወደ ቦዩ ወረድን። ሕክምና የሚማረው ወንድማችን ግን ከኋላ ቀረ። "እኔ በያዝኩት ሃይላንድ ነው የማደርገው" አለ።

"ምነው? ውሃው ጠሃራ አይደለም እንዴ?" አለው አንዱ።

"ጠሃራማ ነው። ቢልሃርዝያ እንደሌለበት ግን በምን አወቅህ?"

ይህን የሰሙት የጓደኛችን አባት ፈገግ ብለው "ልጆቼ፣ እኛ እኮ ያደግነው በዚሁ ውሃ ነው" አሉ። የሰው ቤት እንግዶች ነንና አፍረን ዝም አልን። ወደ ግቢ ስንመለስ ግን ጥያቄው አብሮን መጣ፤ ለብዙ ቀንም አከራከረን።

ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። በዚያ ቦይ ውስጥ ተውሳኩ አለ ማለታችን አይደለም። ያንን የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ለሶላት የሚበቃ ውሃ ሁሉ ለአንጀትና ለጉበት ደህና ነው ማለት አይደለም። ውሃው ውዱእ ያስደርጋል ወይ የሚለውና ውሃው በሽታ አለበት ወይ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ፊቅህ መልስ አለው። ለሁለተኛው መልስ የሚሰጠው ሕክምና ነው።

በአፍ ሳይሆን በቆዳ

የሆድ ትል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ወስፋት ነው፤ ያልታጠበ እጅ፣ በደንብ ያልታጠበ አትክልት። ይህም ቀላል ችግር አይደለም። ከላንቴ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ከተማ፣ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከተመረመሩት 400 ልጆች ውስጥ 81 በመቶው ቢያንስ አንድ ዓይነት የአንጀት ተውሳክ ተገኝቶባቸዋል። ከሁሉ በብዛት የታየው ወስፋት ነበር።

ቢልሃርዝያ ግን በአፍ አይገባም። እጁን አሥር ጊዜ በሳሙና የሚታጠብ፣ ውሃ አፍልቶ የሚጠጣ ሰውም ሊይዘው ይችላል። ነገሩ እንዲህ ነው።

በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ፣ ወይም ተጸዳድቶ ወንዝ ወርዶ ሲታጠብ፣ በሰገራው ያሉት እንቁላሎች ውሃ ውስጥ ይገባሉ። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ የሚኖረው አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለእሱ የሚስማማ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይራባል። ከአንዱ እጭ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ይወጣሉ። እነዚህ ጅራታም ናቸው፣ ይዋኛሉ፣ በዓይን አይታዩም። የሰው ቆዳ ሲነካቸው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ። ቁስል አያስፈልጋቸውም።

ከዚያ በደም ተጉዘው በሳንባ በኩል አድርገው ጉበት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያድጋሉ። ወንዱና ሴቷ ተጣምረው በአንጀት ዙሪያ ባሉት ደም ሥሮች ይሰፍራሉ። ርዝመታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሴቷ በቀን እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች፤ ዕድሜዋም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ከዚያም በላይ የኖሩ ተገኝተዋል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ስምንተኛ ክፍል እያለ የዋኘበት ውሃ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሊከተለው ይችላል።

በአገራችን የአንጀቱ ቢልሃርዝያ በብዛት የሚገኘው ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ ሐይቆች አካባቢ በተደጋጋሚ የተጠና ነው። የስምጥ ሸለቆው ሙቀትና ቀስ ብሎ የሚሄድ የመስኖ ውሃ ለቀንድ አውጣው ይመቹታል። መስኖ ሕይወት ነው፤ ላንቴን ያለ ቦይ ማሰብ አይቻልም። ግን ቦይ ባለበት ሁሉ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጉበት ላይ የሚሆነው

በሽታውን የሚያመጣው በዋናነት ትሉ አይደለም፤ እንቁላሉ ነው። ከሚጣሉት እንቁላሎች ግማሽ ያህሉ የአንጀትን ግድግዳ በስተው ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ሲበሱ ነው ቁርጠቱ፣ ተቅማጡ፣ አንዳንዴም ሰገራ ላይ የሚታየው ደም የሚመጣው። የቀሩት ግን መውጫ ያጣሉ። ከአንጀት የሚመጣው ደም ሁሉ ወደ ጉበት ነውና የሚሄደው፣ ጠርጎ ጉበት ውስጥ ይከታቸዋል። ሰውነታችን እያንዳንዱን እንቁላል እንደ ባዕድ ነገር ይከብበዋል፤ ዙሪያውን ያብጣል፣ ኋላም ጠባሳ ይሆናል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም በጉበት ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች በጠባሳ ይታፈናሉ።

የላንቴን ቦይ አስቡት። ደለል ሲሞላው ውሃው አይቆምም፤ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ዳሩን ይበጥሳል፣ ባልታሰበ ማሳ ውስጥ ይገባል። የታፈነ ጉበትም እንደዚያ ነው። ደሙ ወደ ኋላ ሲገፋ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ሌላ መንገድ ፈልጎ በምግብ ቧንቧ ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይሄዳል። እነሱ ለዚያ ብዛት አልተሠሩምና አንድ ቀን ይፈነዳሉ፤ ሰውየው ደም ያስመልሳል። በዚህ በሽታ ሰው ከሚሞትባቸው መንገዶች ዋናው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጉበት ተጎዳ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ቢጫ እስኪሆን እንጠብቃለን፤ ሰዉ "የወፍ በሽታ" የሚለውን ማለት ነው። በቢልሃርዝያ ግን የጉበት ሕዋሳት ለረጅም ጊዜ ሥራቸውን ይሠራሉ። የሚዘጋው የደም መተላለፊያው ነው። ስለዚህ ዓይን ሳይቀላ፣ ፊት ሳይጠቁር፣ የጉበት የደም ምርመራም ደህና እየመሰለ ጉዳቱ ሊገፋ ይችላል። በአልትራሳውንድ ግን ጠባሳው ይታያል።

ከካይሮ እስከ ዓድዋ

ይህን ሁሉ ያወቅነው በብዙ ሰው ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ካይሮ ውስጥ በቀስር አል-ዐይኒ ሆስፒታል አስከሬን ሲመረምር ትሉን አገኘ፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። በሽታው ግን ከእሱ በፊት ሺህ ዓመታት የኖረ ነው፤ እንቁላሎቹ በጥንታዊ የግብፅ ሙሚያዎች ውስጥ ተገኝተዋል። ሮበርት ላይፐር ደግሞ እዚያው ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1915 ተውሳኩ በቀንድ አውጣ በኩል እንደሚያልፍና በቆዳ እንደሚገባ አሳየ።

ከግብፅ የምንማረው ሌላም አለ። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የግብፅ ገጠሬዎች በዘመቻ ለቢልሃርዝያ መርፌ ይወጉ ነበር። መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ያልፍ ስለነበር ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት ቫይረስ በአገሩ ተዛመተ። ጉበትን ለማዳን የተጀመረ ሥራ ሌላ የጉበት በሽታ አወረሰ። ግብፅ ግን ስህተቱን አልደበቀችም። እ.ኤ.አ. በ2018 እና 2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምራ የተገኘባቸውን አከመች፤ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሥራዋ ዕውቅና ሰጣት።

ከአገራችን ደግሞ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት እንዶድ ቀንድ አውጣውን ይገድላል ማለት ነው። ቀጥሎም በዓድዋ ጅረቶች ላይ እንዶድ እየተደረገ ለ5 ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንግዲህ ትልቁ ግኝት የተጀመረው ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ በትኩረት ከማየት ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ፣ ዛሬም ትኩረት የሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ያለው ነው። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ታዲያ ውዱእስ?

ፊቅህ የተማርን ሁሉ እንደምናውቀው፣ የውሃ ጠሃራነት የሚታየው በነጃሳ ምክንያት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ተለውጦ እንደሆነ ነው። የቢልሃርዝያ እጭ ከሦስቱ አንዱንም አይለውጥም። ኩልል ያለ፣ የሚጥም፣ የማይሸት ውሃ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ የላንቴው ወንድማችን "ጠሃራ አይደለም እንዴ?" ሲል ልክ ነበር፤ የሐኪሙ ልጅ "በምን አወቅህ?" ማለቱም ልክ ነበር።

ውዱእን ደግሞ ከዚህ አንጻር አስቡት። እጅ እስከ ክርን፣ ፊት፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት፤ በቀን አምስት ጊዜ። በሽታው ባለበት ውሃ ዳር ለሚኖርና ውዱኡን እዚያው ለሚያደርግ ሰው ይህ ብዙ ንክኪ ነው። ሶላቱ አይደለም ችግሩ፤ ውሃው የሚወሰድበት መንገድ ነው። መንገዱን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል፦

የቧንቧ፣ የተጠበቀ ምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ ካለ ቅድሚያ ለእሱ እንስጥ። ወደ ገጠር ስንወጣ አንድ ሃይላንድ ተጨማሪ ውሃ መያዝ አይከብድም፤ ለውዱእ ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ውሃ የሚቆጥቡ ነበሩ።

ከሐይቅ፣ ከወንዝ ወይም ከቦይ የተቀዳ ውሃ በጄሪካን ሁለት ቀን ተከድኖ ከቆየ እጮቹ ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከዚያ አያልፍምና። ቀንድ አውጣ አብሮ እንዳይቀዳ ግን በጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል። የተፈላ ውሃም እንዲሁ ደህና ነው። ይህ ለውዱእና ለገላ መታጠቢያ ነው፤ ለመጠጥ ግን ማቆየት ብቻ አይበቃም።

ዋናው ግን ኢስቲንጃእ ነው። ሜዳ ወጥቶ ወንዝ ወርዶ መታጠብ ንጽሕና ይመስላል፤ እንቁላሉን ግን በእጃችን ወደ ውሃው እናደርሰዋለን። ውሃ በጆግ ይዞ ሽንት ቤት መግባት ራስንም ጎረቤትንም ያድናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ መሽናትን ከልክለዋል። ሰው ውሃ በሚያገኝበት ቦታ፣ በመንገድና በጥላ ስር መጸዳዳትንም እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። ሐዲሱን የላቦራቶሪ መጽሐፍ ለማድረግ አይደለም ይህን የምንለው። ግን የአንጀቱ ቢልሃርዝያ በሰገራ፣ በአዋሽ ሸለቆ ቆላ የሚገኘው የፊኛው ቢልሃርዝያ ደግሞ በሽንት እንደሚተላለፍ ያወቀ ሰው፣ ይህን ትእዛዝ ለምን ቀላል አድርገን እንዳየነው ራሱን መጠየቁ አይቀርም።

ከቦይ በቀር ውሃ በሌለበት፣ በሽታውም እንዳለ ከታወቀ ምን ይደረጋል? ተየሙም ይበቃል ወይስ አይበቃም? ይህን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። ስትጠይቋቸው ግን የሕክምናውን ሐቅ አብራችሁ አቅርቡላቸው፤ ብይን የሚሰጥ ሰው ነገሩን በሙሉ ማወቅ አለበትና።

ምርመራውና ኪኒኑ

ከመካከላችን አንዱ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ነው። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ሆዱን ይቆርጠው ነበር። አንድ ቦታ "ጨጓራ ነው" አሉት፣ ሌላ ቦታ "አሜባ" አሉት፤ የሁለቱንም መድኃኒት ጨረሰ። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ ደግሞ ኪንታሮት መስሎት አፍሮ ደበቀን። ከላንቴው ክርክር በኋላ ወንድማችን ይዞት ሄደና ለሚመረምሩት ሰዎች "ልጅ ሆኜ ሐይቅ ውስጥ እዋኝ ነበር" እንዲል አደረገው። በማይክሮስኮፕ በጎኑ እሾህ ያለው እንቁላል ታየ። የዚህ ተውሳክ መለያው ያ እሾህ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ጉበቱ ደህና ነው፤ ኪኒኑን ውጦ ተሽሎታል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ የት እንዳደጋችሁ፣ በምን ውሃ እንደዋኛችሁ ተናገሩ። በአንድ ጊዜ የሰገራ ምርመራ እንቁላሉ ላይገኝ ይችላል፤ ጥርጣሬ ካለ በሌላ ቀን ይደገም። ውሃ ውስጥ ከገቡ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ ትኩሳትና ሳል ወባም ቢመስል፣ የወባ ምርመራው ነጻ ካለ ይህንንም አስቡ። ደም ማስመለስ ወይም የሆድ ማበጥ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። መርፌ አይደለም፣ ኪኒን ነው። በክብደት ተለክቶ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ይሰጣል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፤ ስለዚህ ምግብ ተበልቶ ይወሰዳል። በረመዳን ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። ትልልቆቹን ትሎች ይገድላል፤ በቅርቡ የገቡትን ትንንሾች ግን በደንብ አይገድልም። ክትባትም አይደለም፤ ወደዚያው ውሃ የተመለሰ ሰው ዳግም ይያዛል። በጊዜ ከተወሰደ ግን የጉበት ጠባሳ እንዳይከፋ ያደርጋል፤ ገና ያልበረታውም ሊቀንስ ይችላል።

በአገራችን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች በዘመቻ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በሽታው በሚበዛባቸው ቦታዎች ከ2 ዓመት ጀምሮ አዋቂዎችም ጭምር እንዲታከሙ መክሯል። ለሕፃናት የሚሆን፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኪኒንም ተሠርቶ በ2024 የድርጅቱን የጥራት ማረጋገጫ አግኝቷል። ከዚያ በፊት ትንንሾቹ ልጆች እናቶቻቸው ልብስ በሚያጥቡበት ውሃ ዳር እየተጫወቱ ይያዙ፣ ዘመቻው ግን ይዘላቸው ነበር።

ወደ ላንቴ

ወደዚያ ቤት ደግመን መሄዳችን አይቀርም፤ የጓደኛችን አባት ሙዙ ሲደርስ ኑ ብለውናል። "ያደግነው በዚሁ ውሃ ነው" ያሉትን አልናቅነውም። ሰው ያሳደገውን ውሃ ሲጠረጥሩበት ደስ አይለውም። ግን ትሉ ዓመታት ሳይታወቅ እንደሚኖር አሁን እናውቃለን። ስለዚህ ስንሄድ ውሃቸውን ልንነቅፍ ሳይሆን፣ የሕክምና ተማሪዎቻችንን ይዘን ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግረን፣ የልጅ ልጆቻቸው ተመርምረው ያውቁ እንደሆነ ልንጠይቅ ነው። በግቢያችንም በሐይቅና በመስኖ አካባቢ ያደጋችሁ ሁሉ አንድ ጊዜ እንድትመረመሩ በአደራ እንጠይቃችኋለን። አካላችን አማና ነው፤ ጉበታችንም ከዚያው ውስጥ ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋ ይስጥልን፣ ለሁላችንም ጠቃሚ ዕውቀት ይጨምርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።